ቧንቧ ፈንድቶ ቤት በውሃ ሲሞላ፦ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እስከ ቀለም ቅብ

ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለችው፣ ርዝመቷ ከክንድ የማይበልጥ ተጣጣፊ ቱቦ ሌሊት ብትበጠስና በደቂቃ 10 ሊትር ብቻ ብታፈስ፣ ቤተሰቡ 6 ሰዓት ተኝቶ ሲነሳ 3,600 ሊትር ውሃ ወለሉ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሁሉም ሰው እጅ ወደ መወልወያ ይሮጣል። መወልወል ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ቤት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሚታየው ውሃ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ በመዛባቱ ነው፦ መብራት ሳይጠፋ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ፎቶ ሳይነሳ ዕቃ ይጣላል፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም ይቀባል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በተቀመጠበት ተራ ሥሩት።

የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች

አንድ ሰው ኃላፊነቱን ይያዝና ሥራ ያከፋፍል። ሁሉም ባልዲ ይዞ ከሮጠ ልጆቹን የሚይዝ ሰው ይጠፋል።

1. ልጆችን፣ አረጋውያንንና የቤት እንስሳትን ወደ ደረቅ ክፍል ወይም ወደ ውጭ አውጡ። ማንም በባዶ እግሩ ውሃው ውስጥ አይግባ። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የተሰበረ ብርጭቆና ሚስማር አይታይም።

2. መብራት። የብሬከር ሳጥኑ ጋ በደረቅ ወለል ላይ ሄዳችሁ መድረስ ከቻላችሁ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ግድ ከሆነ፣ ወይም ሳጥኑ ራሱ ከረጠበ፣ አትንኩት፤ ሁላችሁም ውጡና ኤሌክትሪክ አቅራቢው ከውጭ እንዲያቋርጥ ጥሩ። ውሃው የግድግዳ ሶኬት ጋ ባይደርስም ወለል ላይ የተዘረጋ ማከፋፈያ ገመድ ብቻውን ሰው ለመግደል ይበቃል።

3. ውሃ። የፈነዳው ቱቦ ከግድግዳው በሚነሣበት ቦታ አነስተኛ መዝጊያ ካለው እሱን ዝጉ፤ ከሌለው ቆጣሪው አጠገብ ወዳለው ዋና መዝጊያ ሂዱ። ባለ እጀታው ሩብ ዙር ብቻ ነው የሚዞረው፤ እጀታው ከቧንቧው ጋር መስቀል ሲሠራ ተዘግቷል። ባለ ክቡ ግን ወደ ቀኝ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ባለ ክብ መዝጊያ ስለሚጣበቅ በመፍቻ ታግላችሁ አትስበሩት። ከተሰበረ ውሃው ጭራሽ የሚቆምበት መንገድ ይጠፋል። ወዲያና ወዲህ በጥቂቱ እያወዛወዛችሁ ሞክሩ፤ እምቢ ካለ ውሃ አቅራቢውን ጥሩ።

4. ጣሪያ ላይ ታንከር ካለ የቆጣሪውን መዝጋት ብቻውን አይበቃም። ታንከሩ የያዘውን እስኪጨርስ ቁልቁል ያፈሳል። የታንከሩን መውጫ ዝጉ፣ ፓምፑንም አጥፉ። ቦይለሩንም አጥፉ፤ ውሃ አልቆበት ሲሞቅ ከቆየ ማሞቂያው ይቃጠላል። ከዚያ ቤት ውስጥ ካሉት ቧንቧዎች ዝቅተኛውን ክፈቱ፤ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ በተሰበረው ሳይሆን በዚያ ይወጣል።

5. ወደ ላይ ቀና በሉ። ውሃው ከላይኛው ፎቅ ወይም ከጣሪያ ከመጣ ኮርኒሱ ሆድ አውጥቶ ታገኙታላችሁ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ የተጠራቀመው 40 ሊትር ከሆነ ከጭንቅላታችሁ በላይ 40 ኪሎ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ማንም አይለፍ። መብራት መጥፋቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ባልዲ አስቀምጡ፣ ወደ ጎን ቁሙና በረጅም ዱላ ጫፍ ላይ በታሰረ ካቻቪቴ የእብጠቱን ዝቅተኛ ቦታ በትንሹ ብሱ። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ውሃው በክር ይወርዳል፤ ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት ግን ኮርኒሱ በሙሉ ይዞት ይመጣል።

አፓርታማ ከሆነ አሁኑኑ አንድ ሰው ወርዶ የታችኛውን ጎረቤት በር ያንኳኳ። እነሱም መብራታቸውን ማጥፋት አለባቸው።

ውሃው ከየት መጣ?

ከመጠጥ ውሃ መስመር የመጣ ውሃ ንጹሕ ነው። ከልብስ ማጠቢያ ማሽን ወይም ከሻወር ፍሳሽ የመጣው ቆሻሻ ይዟል። ከሽንት ቤት ወይም ከፍሳሽ መስመር የተመለሰው ደግሞ በሽታ ነው፤ የነካውን ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ ትራስና የጂፕሰም ቦርድ ማዳን አትሞክሩ፣ ሥራውንም ያለ ቦቲ ጫማ፣ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል አትጀምሩ። ንጹሕ የነበረው ውሃም ቢሆን ከ48 ሰዓት በላይ ከተኛ ንጹሕ አይባልም።

ከመወልወል በፊት ፎቶ

ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ኢንሹራንስ ካለ ደግሞ የወራት ክርክር ያስቀራል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ክፍል ከአራቱም ማዕዘን አንሱ። ከዚያ ውሃው ግድግዳ ላይ የደረሰበትን መስመር ከጎኑ ሜትር ወይም ማስመሪያ አቁማችሁ፣ በመጨረሻም የተበላሸውን ዕቃ በቅርብ፣ ስያሜውና የምርት ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ አንሱ። የተበጠሰውን ቱቦ ወይም የተሰነጠቀውን ቧንቧ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። የጉዳቱ መነሻ እሱ ነውና ጥገና የሚመጣው ሰው ይዞት እንዳይሄድ። የምትጥሉት ምንጣፍ ካለ አንድ ክንድ ያህል ቆርጣችሁ ናሙና አስቀሩ።

ለኢንሹራንሱ በዚያው ቀን አሳውቁ፣ ገምጋሚው እስኪመጣ ብላችሁ ግን ውሃውን አታስቀምጡ። ጉዳቱ እንዳይባባስ መከላከል የባለቤቱ ግዴታ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ካሳውን ሊቀንስ ይችላል። ለማድረቂያ፣ ለሠራተኛና ለማደሪያ ያወጣችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ ሰብስቡ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ለአከራይ የምትነግሩት በቃል ብቻ አይሁን፤ ሰዓቱ የሚታይ የጽሑፍ መልእክት ላኩ።

ውሃውን ማውጣት

12 ካሬ ሜትር ክፍል ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የተኛ ውሃ 120 ሊትር፣ ማለትም 12 ባለ 10 ሊትር ባልዲ ነው። ጥልቅ ከሆነው ቦታ በቆሻሻ ማፈሻ እየዛቃችሁ ወደ ባልዲ፣ ሳሳ ሲል በውሃ መግፊያ ወደ በር ወይም ወደ ወለል ፍሳሽ፣ የቀረውን በፎጣ አንሱ። የውሃ ቫኪዩም ካገኛችሁ ሥራው በእጅጉ ይቀላል። ተራውን የአቧራ ቫኪዩም ግን በፍጹም አትጠቀሙ፤ ሞተሩ ውሃ ሲስብ ይነዝራል። ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ማሽን ሁሉ የሚሠራው ደረቅ ከሆነና ባለሙያ ካጣራው መስመር ብቻ ነው። በጄኔሬተር ከሆነ ጄኔሬተሩ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ውጭ ይቁም።

የከባድ ዕቃዎችን እግር ከወለሉ አላቁ። የማይወጣ ቁምሳጥን ወይም አልጋ ካለ ከእያንዳንዱ እግር ሥር የአሉሚኒየም ወረቀት ወይም ላስቲክ የተጠቀለለበት የእንጨት ቁራጭ አስገቡ። ያለበለዚያ የእንጨቱ ቀለምና የሚስማሩ ዝገት ምንጣፉ ውስጥ ይገባና አይለቅም። ምንጣፉን አውጡ፣ ሥሩ ያለውን ስፖንጅ ግን ጣሉት። ውሃውን እንደያዘ ይቆያል፣ በማጠብም አይድንም።

የተሸሸገው ውሃ

ወለሉ ሲወለወልና ሲያበራ ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ከባዱ ሥራ ግን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ውሃ በዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን በተለጠፈው ጠባብ ጠርዝ) ጀርባ ወደ ግድግዳ፣ በሴራሚክ ጥጋጥግ ወደ ወለሉ ሥር፣ በጂፕሰም ቦርድ ደግሞ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይወጣል። ሻጋታ ለመነሣት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል፤ ያ ጊዜ ደግሞ የሚቆጠረው ውሃው ከገባበት እንጂ እናንተ ካያችሁበት አይደለም።

ዞኮሎውን ንቀሉ። የላይኛውን የቀለም ስፌት በቢላ ቁረጡ፣ ከዚያ ስስ ብረት አስገብታችሁ፣ ከብረቱና ከግድግዳው መሃል ቁራጭ እንጨት አድርጋችሁ ወደ ውጭ ግፉ። ቀለሙን ሳይቆርጡ መሳብ ልስኑን ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱን ቁራጭ ጀርባው ላይ ቁጥር ጻፉበት፣ መልሳችሁ ስትገጥሙ ታመሰግኑናላችሁ።

ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ በጣት ጫኑት። ከለሰለሰ ወይም ካበጠ አይድንም። የውሃው መስመር ካበቃበት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ቀጥ ባለ መስመር ቁረጡና አውጡ፣ ውስጡ የመስታወት ሱፍ ካለም አብራችሁ አውጡ። ከመቁረጣችሁ በፊት መብራቱ መጥፋቱን ደግማችሁ አረጋግጡ፤ ገመድ የሚያልፈው እዚያው ውስጥ ነው። ያልለሰለሰውን ከዞኮሎው ኋላ በሚሸፈን ከፍታ ላይ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ትንሽ ቀዳዳ ብሱለትና አየር ይግባ። የብሎኬት ወይም የጡብ ግድግዳ ልስኑ ላይ ብዙ ለውጥ አይታይበትም፣ ግን በሳምንታት እንጂ በቀናት አይደርቅም።

ላሚኔት ወለል ሥሩ ስስ ስፖንጅ ስላለው ውሃውን ይይዛል፤ መገጣጠሚያው ካበጠ ወደ ቦታው አይመለስም፣ መነሳት አለበት። ፓርኬ ሌላ ጉዳይ ነው። የእያንዳንዱ እንጨት ጠርዝ ከፍ ብሎ መሃሉ እንደ ሳህን ሲጎደጉድ ታያላችሁ፤ ሥሩ ከላዩ ይልቅ ስለረጠበ ነው። ብዙዎች ወዲያው ጠርዙን ፍቀው ያስተካክሉታል። ያ ስህተት ነው፦ ሥሩ ሲደርቅ የተፋቀው ጠርዝ ይወርድና መሃሉ እንደ ጉብታ ይቀራል። ታገሡት። ሲደርቅ በከፊልም ቢሆን በራሱ ሊስተካከል ይችላል።

ማድረቅ ማለት እርጥብ አየርን በደረቅ አየር መተካት ነው። የውጭው አየር ደረቅ ከሆነ ትይዩ መስኮቶችን ከፍታችሁ ቬንትሌተሩን ከግድግዳው ጋር አጋድማችሁ አቁሙ። ነፋሱ ግድግዳውን ይዞ ይሮጥ እንጂ ፊት ለፊት አይምታው። ውጭ ዝናብ ወይም ጭጋግ ከሆነ ግን መስኮት መክፈት እርጥበት መጋበዝ ነው፤ ዝጉና የእርጥበት መምጠጫ ማሽን አሠሩ፣ ታንኩንም በየጊዜው ድፉ። መስኮት ከፍቶ መምጠጫ ማሽኑን ማሠራት ግን የውጭውን አየር ለማድረቅ መሞከር ነው። የቁምሳጥን በሮች፣ መሳቢያዎች፣ የኩሽና ቁምሳጥን ጀርባዎች ሁሉ ክፍት ይሁኑ።

ከሰል አቀጣጥላችሁ ክፍል ለማድረቅ አትሞክሩ። ከሰልና የጋዝ ምድጃ በተዘጋ ክፍል የሚያወጡት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደክሞት የተኛን ቤተሰብ ሳያነቃ ይገድላል።

ዕቃው፦ የቱ ይድናል?

ጠንካራ እንጨት ይድናል፤ ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ግን ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ ነፋስ እየነካው ይድረቅ። ያበጠ መሳቢያ ከፊት አትጎትቱ፣ የጀርባውን ሰሌዳ ፈትታችሁ ወደ ፊት ግፉት። ቺፑድና ኤም ዲ ኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠሩ ሰሌዳዎች) አንዴ ካበጡ ወደ ነበሩበት አይመለሱም፤ ገንዘባችሁን እዚያ አታጥፉ። የስፖንጅ ፍራሽ በንጹሕ ውሃ ብቻ ከረጠበና በመጀመሪያው ቀን ጠርዙ ላይ አቁማችሁ ማድረቅ ከጀመራችሁ ሊድን ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን መሃሉ አሁንም ከቀዘቀዘ ግን ተስፋ ቁረጡ።

ውሃ የገባበት ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣ፣ ላፕቶፕ “ይሠራ እንደሆነ” ተብሎ አይበራም። ሊድን የነበረ ዕቃ የሚቃጠለው በዚያች ቅጽበት ነው። ሩዝ ውስጥ መቅበርም አይረዳም፣ ዱቄቱ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ፣ ነፋስ ላይ አቆዩ፣ ባለሙያ ይየው። የሰመጠ ብሬከር ቢደርቅም አይታመንም፤ ይቀየር። ሶኬቶቹን ኤሌክትሪሺያን ሳያይ መብራት አትመልሱ።

ፎቶግራፎችና ሰነዶች ከሁሉ በላይ ያሳዝናሉ፣ ምትክ የላቸውምና። መልካሙ ነገር ብዙዎቹ ይድናሉ። የተጣበቁ ፎቶዎችን በጉልበት አትለያዩ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አስገቧቸው፤ ቀስ እያሉ ራሳቸው ይላቀቃሉ። ከዚያ ሥዕሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ዘርጉ። እርጥብ መጽሐፍ በየጥቂት ገጹ መሃል ነጭ የሚመጥ ወረቀት ይግባበት፣ ወረቀቱም ሲርስ ይቀየር። ብዛታቸው ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ በላስቲክ ከረጢት ለየብቻ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ብርዱ ሻጋታውንና ቀለም መፍሰሱን ያስቆማል፤ ጊዜ ስታገኙ ጥቂት ጥቂቱን አውጥታችሁ ታደርቃላችሁ።

የቆሸሸ ውሃ የነካው ምግብና መድኃኒት፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ ቢመስልም፣ ይጣል። የልጆችን ለስላሳ አሻንጉሊት በተመለከተ፦ ንጹሕ ውሃ ከሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ይመለስላቸው። የሚጣል ከሆነ ግን በድብቅ አይጣል። ቤቱ እንዲህ ሆኖ ያየ ልጅ የሚፈራው ሌላም ነገር ሳይነገረው እንዳይጠፋበት ነው። ለትልልቆቹ እንደ ዕቃ መመዝገብ፣ ፎጣ ማቀበል ያለ እውነተኛ ሥራ ስጧቸው፤ ለሌሊቱም የሚተኙበትን ቦታ ገና በጠዋቱ ንገሯቸው።

ሻጋታ ከታየ

ሻጋታው ከ1 ካሬ ሜትር ያነሰ ከሆነ ራሳችሁ ማጽዳት ትችላላችሁ፤ ከዚያ ከበለጠ፣ ወይም ቤት ውስጥ አስም ያለበት ካለ፣ ለባለሙያ ተዉት። አቧራ የሚያጣራ ጭምብል፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ። ደረቅ ሻጋታ አትጥረጉ፣ ይበተናል፤ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አርጥቡት። ጠንካራና ልሙጥ ገጽ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ለ4 ሊትር ውሃ ከ1 ኩባያ (240 ሚሊ ሊትር) ያልበለጠ በረኪና በጥብጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። መስኮት ይከፈት። በረኪናን ከአሞኒያ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ያለው ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ልጆች በአካባቢው አይኑሩ።

ቧንቧውን መመለስ

የብረት ቧንቧ ትንሽ ቀዳዳ ከሆነች ባለሙያ እስኪመጣ ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ጠቅልላችሁ በሁለት ፋሸታ (በብሎን የሚጠብቅ የብረት ቀለበት) አጥብቃችሁ ልታቆሟት ትችላላችሁ። ጊዜያዊ ነው፤ ትታችሁት አትተኙ፣ ሌሊት ዋናውን መዝጊያ ዝጉ።

የተበጠሰው ተጣጣፊ ቱቦ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ የሁለቱን ጫፍ መጠን አመሳስሉ፤ አንዱ ግማሽ ኢንች ሌላው ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ ሳይወጠርና ሳይታጠፍ ዘና ብሎ የሚጎብጥ ይሁን። እናቱ (ጫፉ ላይ እየዞረ የሚጠብቀው ብሎን) ውስጥ የጎማ ቀለበት መኖሩን አረጋግጡ፤ ውሃውን የሚዘጋው እሱ ስለሆነ እዚያ ቴፍሎን አያስፈልግም። በእጅ እስከቻላችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር፣ ቢበዛ ግማሽ። ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ጎማው ይቆረጣል፣ የፕላስቲክ እናትም ይሰነጠቃል፤ የሚፈነዳውም ያን ቀን ሳይሆን ከወራት በኋላ ነው።

አሮጌውን ቱቦ በቅርብ ተመልከቱት። ሽቦው የተበጠሰበት ቦታ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ከመታጠቢያው ሥር የተቀመጠውን የበረኪና ጠርሙስ ጠርጥሩ፤ ከክዳኑ የሚወጣው ትነት የማይዝግ የሚባለውን ሽቦ እንኳ ይበላል። በረኪናውን ሌላ ቦታ አድርጉ፣ በአንድ ጊዜ የተገጠሙትን ሌሎች ቱቦዎችም አብራችሁ ቀይሩ።

ዋናውን መዝጊያ ስትከፍቱ ቀስ በቀስ ይሁን። መገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፉ፤ ዓይን የማያየውን ጠብታ ሶፍቱ ያሳያችኋል። ከዚያ ሁሉንም ቧንቧ ዘግታችሁ ቆጣሪውን አንብቡ፣ ማንም ውሃ ሳይነካ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ ደግማችሁ አንብቡ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ሌላ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ልስን አትጀምሩ።

ልስንና ቀለም

ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በቴፕ አሽጋችሁ ግድግዳው ወይም የሲሚንቶ ወለሉ ላይ ለ24 ሰዓት ለጥፉ። ሲነሳ ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ቦታው ከጠቆረ ገና ነው፤ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት ከወጣ ሻጋታ ሳይሆን ጨው ነው፤ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት። በውሃ ካጠባችሁት ጨዉ ተመልሶ ይገባል። ዱቄቱ መውጣቱን ካላቆመ እርጥበቱ ከውስጥ መምጣቱን አላቆመም።

ላስቲኩ ደረቅ ሲወጣ ለግድግዳው ትንፋሽ የሚያሳልፍ የውሃ ቀለም ተጠቀሙ። የዘይት ቀለም የቀረውን እርጥበት ያፍነውና በየቦታው ይነፋል። ኮርኒስ ላይ የቀረውን ቡናማ ክብ ግን የውሃ ቀለም አይሸፍነውም፣ በየንብርብሩ እያሳበረ ይወጣል። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ፣ ፈጽሞ ከደረቀች በኋላ፣ እድፍ የሚያግድ የዘይት ፕራይመር አንድ ጊዜ ቀቡና በላዩ ቀለሙን አልብሱት። ቁምሳጥኖቹን ስትመልሱ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቋቸው፤ በየሳምንቱም እጃችሁን ወደ ኋላቸው ሰዳችሁ ግድግዳውን ዳስሱት፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከሸተተ ጎትታችሁ ነፋስ አስነኩት።